አንድ ታሪክ በአንድ ድምፅ

«ሰባት ወር!» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ መዝገቡን በመዳፏ እየደበደበች። «ሰባት ወር ሙሉ የሰው ኮት መሀል ተሸጉጬ፣ ላብ በላብ ሆኜ እያነበብኩ የቀዳሁትን ታሪክ፣ ዛሬ መጥተህ ‹እኔም አንብቤዋለሁ› ትለኛለህ?»

«መጥቼብዎት አይደለም» አለ ሰውየው። የሥራ ልብሱን አላወለቀም፤ ከደረት ኪሱ ካቻቢቴ ብቅ ብሏል። «እኔ ዘጠኝ ወር ነው የፈጀብኝ። እንዲያውም የጀመርኩት ከእርስዎ በፊት ነው።»

«በፊት ከጀመርክ ታዲያ የት ተጽፏል? ይኸው! ከ‹ጀልባ ቀዛፊው› ጎን ‹ልብስ ሰፊ› ነው የሚለው። አሳንሰር ጠጋኝ የሚል ካሳየኸኝ ዓይኔ ይጥፋ!»

«ኧረ ዓይን ሳታጠፉ ተነጋገሩ» አሉ ጥግ ላይ የተቀመጡት ማየት የተሳናቸው ሽማግሌ። «ለዚህ ክፍል የኔ ይበቃል።»

ማንም አልሳቀም። ሰውየው እጁን በሱሪው ጠረግ ጠረግ አድርጎ ወደ መዝገቡ ጠጋ አለ።

«እባክዎ ወደ ኋላ ይግለጡት። አሁንም። እዚህ ጋ። ‹የማዶው ሰው›።»

ከርዕሱ ጎን በደማቅ እርሳስ፣ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ተለቅመው የተተከሉ በሚመስል ጽሑፍ «አሳንሰር ጠጋኝ» ይላል።

ክፍሉ ያለው በአንድ አሮጌ ቤተ መጻሕፍት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ረጅም ጠረጴዛና ሁለት መስኮቶች አሉት። መደርደሪያዎቹ ላይ ከመጻሕፍት ይልቅ የክብሪት ቀፎ የሚያህሉ ሣጥኖች ይበዛሉ፤ በያንዳንዱ ሣጥን አንድ ፍላሽ፣ በያንዳንዱ ፍላሽ ውስጥ አንድ ሰው ከዳር እስከ ዳር ያነበበው አንድ ታሪክ አለ። አንባቢዎቹ ሁሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ታሪኮቹ ደራሲዎቻቸው ከሞቱ ብዙ ዘመን ያለፋቸው፣ የማንም ንብረት መሆናቸው ቀርቶ የሁሉም ሰው የሆኑ ናቸው። አድማጮቹ ማየት የተሳናቸው፣ አልጋ ላይ የዋሉ፣ ረጅም መንገድ የሚነዱ ሰዎች ናቸው።

ቤቱ ሁለት ልማድ አለው። አንባቢ ስሙን አይናገርም፤ ሙያውን ብቻ ይናገራል። «ይህን ታሪክ ያነበበላችሁ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ነው» ይላል በመጨረሻ፣ ይዘጋል። ሁለተኛው ልማድ አንድ ታሪክ በአንድ ድምፅ የሚለው ነው። ማንም አፉን ከመክፈቱ በፊት ከታሪኩ ርዕስ ጎን ሙያውን በእርሳስ ይጽፋል። ጨርሶ ሲያስረክብ እርሳሱ ይጠፋና በቀለም ይጻፍለታል።

መዝገቡን የሚጠብቁት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ አንባቢዎቹ «እትዬ መዝገብ» ይሏቸዋል። «አንዱን ታሪክ ሁለት ሰው አነበበው ማለት፣ ሌላው ታሪክ አንደበት አጥቶ ቀረ ማለት ነው» ይላሉ ለአዲስ መጪ ሁሉ። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ታሪክ ተደርቦ አያውቅም ነበር።

እትዬ መዝገብ አሁን ተነሥተው ሁለት አሮጌ መድበሎች ከመደርደሪያ አወረዱና ጎን ለጎን ዘረጓቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ከአንደኛው አነበቡ፤ «ወንዙ ሁለት ዳርቻ ነበረው፤ ሰውየው ግን አንድ ልጅ ብቻ።» ከሁለተኛው አነበቡ፤ «ወንዙ ሁለት ዳርቻ ነበረው፤ ሰውየው ግን…» ድምፃቸው መሀል ላይ ሟሟ።

«አንዱ አሳታሚ አንድ ርዕስ ሰጠው፣ ሌላው ሌላ» አሉ፣ ወንበራቸው ላይ እየተቀመጡ። «እኔ ደግሞ ርዕስ አይቼ ፈቀድኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጆቼ።»

«ታዲያ የማን ይቀራል?» አለች ልብስ ሰፊዋ። ቁጣዋ ወርዶ ድምጿ ቀጥኗል። «ልማዱ አንድ ነው። የማን ይጠፋል?»

እትዬ መዝገብ መልስ ከመስጠት ይልቅ፣ የሁለቱን ቀረጻ ከኮምፒውተሩ የገለበጡባቸውን ሁለት ፍላሾች ከመሳቢያቸው አወጡ። የእሷን ለእሱ፣ የእሱን ለእሷ ሰጡ።

«ተሰማሙ። በሚቀጥለው ዓርብ ኑና ራሳችሁ ንገሩኝ።»

«የሱን? አልሰማም!»

«ሰባት ወር ያነበበች ሴት ሰባት ሰዓት መስማት ያቅታታል? ውሰጂ ብያለሁ!»

መምህርት ጡረታ ቢወጡም መምህርት ናቸው። ወሰደች።

*

ለሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ የሰባት ወር ድካም ነው፤ ያናድዳል፣ ያልፋል። ለልብስ ሰፊዋ ግን ሌላ ነገር ነበር።

አባቷ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ልጅ እያለች ትምህርት ሲዘጋ ጋቢና ውስጥ ከጎኑ አስቀምጦ ይዟት ይሄድ ነበር፤ የጀልባ ቀዛፊውን ታሪክም ከመሪው ኋላ ሆኖ፣ ዳገት ላይ እያዘገመ፣ ቁልቁለት ላይ እያፈጠነ፣ አርባ ጊዜ ነግሯታል። ከአራት ዓመት በፊት ለሥራ ባልደረባው ልጅ ሊድራት ቃል ሰጠ። እሷ አልፈልግም አለች። ሽማግሌ ገባ፣ አሁንም አልፈልግም አለች። ያን ቀን አባቷ በሩን ከፍቶ ቆመና «ከዛሬ ጀምሮ ድምፅሽን እንዳልሰማ» አላት። ስትደውል አያነሳም። ደብዳቤ ስትልክ ሳይከፈት ይመለሳል።

ግን ከቤተ መጻሕፍቱ ፍላሽ ይዋሳል። ረጅሙን መንገድ ሲነሣ አንድ፣ ሲመለስ ደግሞ ሌላ። ይህን የነገሯት ጥግ ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌ ናቸው። «ጋሼ ጆሮ» ይሏቸዋል። ድሮ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ፤ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ እያንዳንዱን ቀረጻ አድምጠው ሳልና የወንበር ሲጢጥታ የሚለቅሙት እሳቸው ናቸው።

«አንድ ሹፌር አለ» አሏት አንድ ቀን፣ ለወሬ ያህል። «በመጣ ቁጥር ‹የጀልባ ቀዛፊው አልተነበበም?› ይለኛል። ሁለት ዓመቱ።»

«አባቴ ነው» አለቻቸውና በዚያው ሰዓት እርሳሱን አነሳች።

*

የእሱን ፍላሽ ማክሰኞ ጠዋት ስፌት መኪናዋ አጠገብ ከፈተችው። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ስትሰማ ሳቀች። ሰውየው ቃላቱን እየዳሰሰ ነው የሚያነበው፤ መብራት በሌለበት ደረጃ እንደሚወርድ ሰው እግሩን ያነሳል፣ ይፈትሻል፣ ያሳርፋል። «ይህ ነው እንግዲህ ተፎካካሪዬ» አለች ለሱሪው።

ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ መሳቋን ተወች። አምስተኛው ላይ የመኪናውን ፔዳል ለቀቀች።

ምክንያቱም ደረጃው እየበራ ነበር። ስምንተኛው ምዕራፍ ላይ ሰውየው ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳይደናቀፍ አነበበና፣ ራሱ የገረመው ይመስል ትንሽ ቆመ። አሥራ ሁለተኛው ላይ የቀዛፊው ጎረቤት ሲቀልድ እሱም ቀለደ። ሃያኛው ላይ ድምፁ ሰፊ፣ ዝግ ያለ፣ እንደ ጥልቅ ውኃ የማይቸኩል ሆነ። አንድ ሰው ማንበብ ሲማር እየሰማች ነበር። በመጨረሻም፦

«ይህን ታሪክ ያነበበላችሁ አንድ አሳንሰር ጠጋኝ ነው» አለ። ከዚያ ልማዱ የማይፈቅደውን ጨመረ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ይህ የጨረስኩት የመጀመሪያ መጽሐፍ ነው። ስለሰማችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ሰፍታ ያልጨረሰችውን ሱሪ ከጭኗ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከዚያ ስልኳን አንሥታ ለእትዬ መዝገብ ደወለች።

«የኔን ያጥፉት» አለች። «አደራ፣ ለማንም እንዳይነግሩ።»

እሱ ግን ቀድሟት ነበር። የእሷን ቅዳሜ ጀምሮት፣ ሰኞ ዕለት በምሳ ሰዓት ከአንድ አሥር ፎቅ ሕንፃ ጣሪያ ሥር ካለው የሞተር ክፍል ተቀምጦ ቀሪውን ሰምቷል። እንዴት እንደምታነብ ሲሰማ መጀመሪያ በራሱ አፈረ፣ ቀጥሎ ማፈሩን ረሳ። አሥራ ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ቀዛፊው ልጁን ማዶ አድርሶ ፊቱን ያዞርባታል፤ ልጅቷም «አባባ፣ ጀልባውን አትሰረው» ትላለች። እዚያ ላይ የአንባቢዋ ድምፅ ቆመ። አራት ትንፋሽ ያህል ምንም የለም። ሌላ አንባቢ ቢሆን ቆርጦ ያወጣው ነበር። እሷ አላወጣችውም።

ምሳውን ትቶ በቀጥታ ወደ ጋሼ ጆሮ ሄደ።

«ይህች ሴት ምን ሆና ነው?»

«የሰው ምስጢር አላወራም» አሉ ጋሼ ጆሮ፣ ደረታቸውን ነፍተው። ከዚያ ወንበራቸውን አስጠጉ። «ግን አንድ ሹፌር አለ…»

*

ዓርብ ዕለት ሁለቱም መጡ። በጠረጴዛው በሁለት ጫፍ ተቀመጡ። እሷ መስኮቱን ታያለች፤ እሱ እጆቹን። ሁለቱም መልካም ሥራ ደብቆ እንደያዘ ሰው ፊታቸው ላይ ትንሽ ኩራት አለ።

እትዬ መዝገብ የቀለም እስክሪብቶአቸውን ከፈቱ።

«በሉ እንግዲህ፣ የአሳንሰር ጠጋኙን በቀለም ልጽፍ ነው።»

«የልብስ ሰፊዋን ነው እንጂ» አሉ ጋሼ ጆሮ።

«የሷንማ ማክሰኞ ዕለት አጠፋሁት። ራሷ ናት ያለችኝ።»

የጋሼ ጆሮ እጅ አየር ላይ ቀረ። «እኔ ደግሞ ሰኞ ዕለት የሱን አጠፋሁት። ራሱ ነው ያለኝ።»

«ሳይነግሩኝ?»

«‹ለማንም እንዳይነግሩ› ብሎኛላ! እርስዎስ ነገሩኝ?»

«‹አደራ› ብላኛላ!»

እሷና እሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«ስልክህ ላይስ የለም?» አለች።

«እንዳይቆጨኝ ብዬ ደምስሼዋለሁ። የእርስዎስ?»

«ስልኬ ቦታ የለውም። እያስረከብኩ ነበር የማጠፋው። የሰጡህ ፍላሽስ?»

«ሰኞውኑ ለጋሼ መልሻለሁ። የእርስዎንስ?»

«ረቡዕ መልሼዋለሁ።»

«ሁለቱንም ባዶ አድርጌ ሌላ ቀድቼባቸዋለሁ» አሉ ጋሼ ጆሮ፣ በትንሽ ድምፅ። «ፍላሽ አጥሮን ነበር።»

«ለምን አስጠፋህ? ማን ለመነህ?»

«እርስዎስ ማን ለመነዎት?»

ጋሼ ጆሮ መሳቅ ጀመሩ። ትከሻቸው ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጠው። «በስድስት ዓመት አንድ ድርብ አገኘን፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ደግሞ ባዶ አደረግነው።» እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሀል ላይ ተሰበረና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

አባቷ በወሩ የመጨረሻ ቀን የዓመቱን ረጅሙን መንገድ ይነሣል። አሥራ ስምንት ቀን ቀርቷል። ይህን ስትናገር ለማን እንደምትናገር አላየችም፤ ሲያልቅ ግን አሳንሰር ጠጋኙ አጠገቧ ቆሞ ነበር።

«ሃያ ሁለት ምዕራፍ ነው» አለ። «እኔ በዕቃ አሳንሰር ውስጥ ነው የማነበው። ጠረጴዛና ቁምሳጥን እንዳይፋጭ ግድግዳው ሁሉ ወፍራም ብርድ ልብስ ለብሷል፤ ጣሪያው ጋ አቁሜ ሳጠፋው ትንኝ አይሰማም። ትረካውንና ሴቶቹን እርስዎ ያንብቡ። ወንዶቹን እኔ ላንብብ። ሁለታችንም በቃላችን ልናውቀው ምንም አልቀረን።»

«ልማዱስ?» አሉ እትዬ መዝገብ። «አንድ ታሪክ በአንድ ድምፅ!»

«ልማዱ የወጣው እንዳይደረብ ነው» አሉ ጋሼ ጆሮ። «ሁለት ሰው አንድ ቀረጻ ላይ ቢያነብ ማን በማን ላይ ተደረበ?»

እትዬ መዝገብ መዝገቡን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ከዚያ እስክሪብቶውን ከድነው እርሳስ አነሱ፤ በአንድ መስመር ላይ፣ በደቃቃ ፊደል፣ ሁለት ሙያ ጻፉ።

«ሌላም አለ» አለ አሳንሰር ጠጋኙ። «እኛ አሳንሰርን በሕንፃው ስም አንመዘግበውም። ሕንፃ ስም ይቀይራል። በሩ ሥር ቁጥር ተመትቶበታል፤ በዚያ ነው የምናውቀው። ታሪኮቹንም በርዕስ ሳይሆን በመጀመሪያ ዓረፍተ ነገራቸው ቢመዘግቧቸውስ? ርዕስ አሳታሚ ይቀይረዋል፤ መጀመሪያውን ግን ማን ይነካዋል?»

እትዬ መዝገብ መነጽራቸውን አወለቁ። «ስድስት ዓመት የት ነበርክ አንተ?» አሉት።

*

በምሳ ሰዓትና በእሑድ ቀን ነበር የሚያነቡት። ከቆመው አሳንሰር ሥር ዘጠኝ ፎቅ ባዶ ሆኖ፣ ሁለት የዕቃ ሣጥን ወንበር ሆኖ፣ አንዲት የእጅ መብራት ከላይ ተንጠልጥላ። ጋሼ ጆሮ በአንድ መጽሐፍ ብቻ እንዲያነቡ አስጠንቅቀዋቸዋል፤ «ሁለት መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ይንኮሻኮሻል። ለቅሜ አልጨርሰውም።» ስለዚህ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጡ።

አየር እንዳያልቅባቸው በየምዕራፉ መጨረሻ በሩን ይከፍታል። በሩ ተከፍቶ ነፋሱ ሲገባ ሁለቱም ኮሪደሩን ያያሉ፤ ኮሪደሩ ላይ የሚታይ ነገር ግን አልነበረም።

ረጃጅም ቃላት ላይ እንዳይደናቀፍ በልብስ ሰፊ ጠመኔ ትንፋሽ የሚወሰድበትን ቦታ ታሰምርለት ነበር። ምዕራፉ ሲያልቅ በጣቷ ትጠርገዋለች።

«ሱሪ የምትለኪኝ ነው የመሰለው» አለና ደነገጠ። «የሚለኩኝ ማለቴ ነው።»

«እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንተ እያልኩህ አንተ እርስዎ ትለኛለህ። አያትህ መሰልኩህ?»

«ያን ቀን መዝገቡን ሲመቱት አይቻለሁ። እጅዎን እፈራለሁ።»

«መዝገቡ ምን ሆነ?»

«አሁንም ዝም ብሏል፤ አልተሻለውም።»

ሳቁ ተቀድቶ ኖሮ ምዕራፍ ዘጠኝን እንደገና ማንበብ ነበረባቸው። ጋሼ ጆሮ የመጀመሪያውን ሰምተው «ይሄኛውም አይጥፋ» ብለው ለብቻ አስቀመጡት፤ ለምን እንደሆነ አልተናገሩም።

በአሥራ አንደኛው ቀን አሥራ ሰባተኛው ምዕራፍ ደረሰ። እሱ የቀዛፊውን ቃል አነበበ፦ «ከዚህ ወዲያ የኔ ወንዝ አይደለም። ውረጂ።» ድምፁን አላከበደውም፤ እንደሚያዝን ሰው እንጂ እንደተቆጣ ሰው አላነበበውም። የልጅቷ ተራ መጣ።

እሷ ገጹን ታያለች። አፏ ተከፍቷል። ድምፅ ግን የለም። አራት ትንፋሽ አለፈ፣ አምስት፣ ስድስት። የስልኩ ቀይ ነጥብ ይበራል።

በስተመጨረሻ አንድ ሻካራ እጅ እጇ ላይ አረፈ።

«አይዞሽ» አላት።

እርስዎ የለም፣ ይቅርታ የለም። አንድ ቃል ብቻ። ቀና ብላ አየችው፤ እሱም አላፈገፈገም። በዚያች ጠባብ ሣጥን ውስጥ፣ ብርድ ልብስ በለበሰ ግድግዳ መሀል፣ እሱ እንደተመለከታት ማንም ሰው ተመልክቷት አያውቅም ነበር፤ ምንም ሳይጠይቅ፣ እስክትጨርስ ለመጠበቅ ጊዜ እንዳለው ሰው።

«አባባ፣ ጀልባውን አትሰረው» አለች።

ያንን ጋሼ ጆሮ እንደነበረ ተዉት። «አይዞሽ» የሚለውን ብቻ ቆርጠው አወጡ።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ሃያ ሁለተኛው ምዕራፍ አለቀ። እሱ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ «ይህን ታሪክ ያነበበላችሁ አንድ አሳንሰር ጠጋኝ፣» አለና ተወላት።

«እና አንዲት ልብስ ሰፊ ነን» አለች። ትንፋሽ ወሰደች። «የሹፌር ልጅ።»

*

በነጋታው ሹፌሩ እንደ ልማዱ መጣ። ጋሼ ጆሮ ሣጥኑን በመዳፉ ላይ አኖሩለት፤ ማን እንዳነበበው አልነገሩትም። እሱም አልጠየቀም። «ተነበበ ማለት ነው?» አለ ብቻ፤ ወደ ኪሱ ከተተና ሄደ።

ሃያ ሦስት ቀን አለፈ። ልብስ ሰፊዋ በእነዚያ ቀናት የቀኝ እጅጌ በግራ ሰፍታለች፤ የአንዱን ደንበኛ ሱሪ ለሌላው ሰጥታለች። አሳንሰር ጠጋኙ በየምሳ ሰዓቱ እየመጣ ሱቋ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል።

«መጀመሪያውን ቃል እንደሰማ ቢያጠፋውስ?» ትለዋለች።

«አሥር ኪሎ ሜትር ቢሄድ ይመልሰዋል።»

«በምን አወቅህ?»

«እኔ ያንቺን ሰምቼ ምሳዬን ትቻለሁ። ምሳዬን ትቼ አላውቅም።»

በሃያ አራተኛው ቀን ከቀትር በኋላ የሱቁ በር ጨለመ። አንድ ትልቅ ሰው በሩን ሞልቶ ቆሟል። በክንዱ ላይ አሮጌ ካፖርት አንጠልጥሏል።

እሷ ተነሣች። መቀሱ ከእጇ ወደቀ።

ሰውየው ካፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። መሀለኛው ቁልፍ የለም። ቦታው ላይ ቀጭን ክር ብቻ ቀርቷል፤ ክሩ በፀሐይ ነጥቷል።

«ወልቋል» አለ አባቷ። ድምፁ ጎርነን ያለ ነው። «አራት ዓመት ሆነው። የሚሠራልኝ አላገኘሁም።»

ቁልፍ ለመስፋት ሁለት ደቂቃ ይበቃታል። ያን ቀን ሩብ ሰዓት ፈጀባት፤ ክሩ መርፌው ቀዳዳ ውስጥ አልገባ አለ። አባቷ ቆሞ ጠበቀ። መርፌውን ከእጇ ወሰደና መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ በመሪ በደነደኑ ጣቶቹ ክሩን አስገባላትና መለሰላት።

«ሦስት ጊዜ ሰማሁት» አለ፣ ከካፖርቱ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ። «ስሄድ አንዴ። ስመለስ ሁለቴ። አሥራ ሰባተኛው ላይ መኪናዬን ዳር አቆምኩ።»

«አባባ…»

«ጀልባውን አላሰርኩትም» አለ። «እየጠበቅኩሽ መሆኔ አልተሰማሽም እንጂ።»

ልጅ ሆና ጋቢና ውስጥ እንደምታደርገው ግንባሯን ክንዱ ላይ ጣለች። አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያ ወንዱ ማነው?»

«አሳንሰር ጠጋኝ ነው።»

«እሱንማ ሰማሁ። ምንሽ ነው ማለቴ ነው።»

ደጃፉ ላይ ሳንድዊቹን በወረቀት እንደጠቀለለ፣ ልግባ ወይስ ልሂድ በሚል ፊት ቆሞ የነበረው ሰው ካቻቢቴውን ጣለ።

አባቷ ዞር ብሎ ከእግር እስከ ራሱ አየው። «ድምፅህ ደህና ነው» አለው። «አሳንሰሮችህስ ይሠራሉ?»

«አዎ ጌታዬ። አንዱ ብቻ ነው እሑድ እሑድ የሚቆመው።»

*

ታሪኩ በቀለም የተጻፈው በሚቀጥለው ዓርብ ነው። ሁሉም አንባቢዎች መጥተው ነበር፤ ዳቦ ጋጋሪው ኬክ ይዞ፣ ነርሷ ከነነጭ ጋውኗ፣ ፖስተኛው ቦርሳውን በር ላይ ጥሎ። መዝገቡ ላይ አሁን ከያንዳንዱ ርዕስ ሥር የየታሪኩ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር በእትዬ መዝገብ ጽሕፈት ሰፍሯል። ሲጽፉ ሌሎች ሁለት ታሪኮች በሁለት በሁለት ርዕስ ተመዝግበው አግኝተዋል፤ ማንም ሳይደርብባቸው ደረሱባቸው።

እትዬ መዝገብ እርሳሱን አጥፍተው ሁለቱን ሙያዎች በአንድ መስመር በሰማያዊ ቀለም ሲጽፉ ጭብጨባው መስኮቱን አንቀጠቀጠው። ጋሼ ጆሮ ጣታቸውን አንሥተው ጸጥ አሰኟቸው።

«አንድ ለብቻ ያስቀመጥኩት አለ» አሉና ማጫወቻውን ነኩ። ከሁሉ አስቀድሞ የቀዛፊው ቃል መጣ፣ ቀጥሎ የጠመኔ ፍተጋ፣ ቀጥሎ ሁለት ሰዎች ማቆም ያቃታቸው ሳቅ። ክፍሉ በሙሉ አብሮ ሳቀ። ልብስ ሰፊዋ ፊቷን በመሀረብ ሸፈነች።

ሳቁ ሳያልቅ አሳንሰር ጠጋኙ እርሳሱን አነሣ። ወደ መዝገቡ የመጨረሻ ገጽ፣ ገና ምንም ወዳልተጻፈበት፣ ገለጠ።

«ሌላ የሚነበብ አለ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ርዕስ የለውም። መጀመሪያው ብቻ ነው ያለኝ። በእርሳስ ልያዘን?»

ገጹን አየች። እሱን አየች። ከዚያ እርሳሱን ከእጁ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና የእትዬ መዝገብን የቀለም እስክሪብቶ ሰጠችው።

«ኧረ!» አሉ እትዬ መዝገብ። «ያልተነበበ በቀለም አይጻፍም! ልማድ ነው!»

«ይጻፍ፣ እትዬ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ይሄን ማንም አይደርብብንም።»

ክፍሉ በእልልታና በጭብጨባ ተናወጠ። ዳቦ ጋጋሪው ኬኩን ለመቁረጥ ቢላ ፈለገ፤ ነርሷ እትዬ መዝገብን አቀፈቻቸው፤ ጋሼ ጆሮ «ቅዱት፣ ይሄንን ቅዱት!» እያሉ ማጫወቻውን ይዳብሱ ነበር።

በዚያ ጫጫታ መሀል፣ ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ የተቀመጠ ትልቅ ሰው ተነሣ። ከመደርደሪያው አንድ ትንሽ ሣጥን መረጠ፤ የሚዋሱ ሰዎች በሚፈርሙበት ወረቀት ላይ በጥንቃቄ ፈረመ። ካፖርቱን ለበሰና ቁልፎቹን አንድ በአንድ፣ መሀለኛውንም፣ ቆለፈ። በሩን እንዳይጮኽ ቀስ ብሎ ከኋላው ዘጋው፤ ደረጃውንም ወረደ።